የእንቅልፍን ነገር በቀን መወሰን፦ ስለ ረጅም ርቀት የብስክሌት ውድድር የሌሊት ጉዞ ከኮምቦልቻ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጠያቂው የኮምቦልቻ ነዋሪ ናቸው። በመጪው የካቲት በሩዋንዳ ተራሮች ላይ በሚደረገውና ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር በሚጠጋው፣ ያለ አጃቢ በሚካሄደው የብስክሌት ውድድር ለመሳተፍ እየተዘጋጁ እንደሆነና ርቀቱን በአራት ቀን ለመጨረስ እንዳሰቡ ገልጸው ሦስት ነገር ጠይቀዋል። አንደኛ፣ የመጀመሪያውን ሌሊት ሳይተኙ መንዳት ይሻላል ወይስ መተኛት? ሁለተኛ፣ ለልምምድ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከኮምቦልቻ ተነሥተው ደሴ ከወጡ በኋላ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርዱ ዓይናቸው በተደጋጋሚ እየተከደነ አስቸግሯቸዋልና፣ ይህን በምን መከላከል ይቻላል? ሦስተኛ፣ በዲናሞ (ጎማው ሲዞር ኤሌክትሪክ በሚያመነጭ መሣሪያ) የሚሠራ መብራት መግዛት ግድ ነው ወይስ በባትሪ የሚሠራው ይበቃል?

ሁለተኛው ጥያቄ የሕይወት ጉዳይ ስለሆነ አስቀድሜ እርሱን እመልሳለሁ፤ ለመጀመሪያው የሚሰጠውም መልስ ከእርሱ የሚመነጭ ነው። በደሴ የስፖርት ፊዚዮሎጂ በማስተማርና ብስክሌተኞችን በማሠልጠን ሥራዬ ደጋግሜ የማየው ነገር፣ ብዙዎች ሌሊቱን የጉልበት ፈተና አድርገው መውሰዳቸውን ነው። ስለዚህም እግራቸው ገና ሳይዝል ዓይናቸው ሲከደን ይደነግጣሉ፤ በወኔ ማነስም ራሳቸውን ይወቅሳሉ። ነገሩ የወኔ ጉዳይ አይደለም። ሌሊቱ ከእግር አስቀድሞ የሚያደክመው ማመዛዘንን ነው።

እንቅልፍን የሚገዙት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ነቅተን በቆየን መጠን እየተጠራቀመ የሚሄደው የእንቅልፍ ጫና ሲሆን፣ ለዚህ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች ዋነኛው አንጎል በሥራ ላይ ሳለ የሚከማቸው አዴኖሲን የተባለ ንጥረ ነገር ነው። ሁለተኛው የሰውነት የውስጥ ሰዓት ነው፤ ይህ ሰዓት ብንተኛም ባንተኛም የሰውነትን ሙቀት፣ ንቃትንና የምግብ መፈጨትን በ24 ሰዓት ዑደት ከፍና ዝቅ ያደርጋል። በአብዛኛው ሰው ዘንድ ንቃት እጅግ ዝቅ የሚለው ከሌሊቱ 9 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ነው። እርስዎ ሐረጎን የወረዱት ሁለቱ በተገናኙበት ሰዓት ነው፤ በ9 ሰዓት ለመነሣት ሲሉ እንቅልፍዎን ቆርጠዋል፣ የውስጥ ሰዓትዎም ገና ከዝቅተኛው ነጥብ አልተነሣም ነበር። በዚህ ላይ፣ ሽቅብ ሲወጡ ነቅተው እንዲቆዩ ያደረገዎት የጡንቻ ሥራ ቁልቁለቱ እንደ ጀመረ ያቆማል፤ የልብ ምት ይወርዳል፣ ላብ ይቀዘቅዛል፣ እጅ ፍሬን ከመያዝ ሌላ ሥራ አይኖረውም፣ የነፋሱም ድምፅ ሳይለዋወጥ ይቀጥላል። ለእንቅልፍ ከዚህ የተመቸ ሁኔታ በብስክሌት ላይ አይገኝም።

ዓይን የሚከደንበት ያ ሸለብታ ከሰከንድ ክፍልፋይ ጀምሮ እስከ 15 ሰከንድ ሊቆይ ይችላል፤ ሰውየውም መተኛቱን ጨርሶ ላያውቀው ይችላል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚወርድ ብስክሌት በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ የሦስት ሰከንድ ሸለብታ 42 ሜትር ነው ማለት ነው። በሐረጎ መንገድ 42 ሜትር፣ አስፋልቱ ታጥፎ እርስዎ ቀጥ ብለው የሚሄዱበት ርቀት ነው። ከሥር ደግሞ ከኮምቦልቻ በኩል ሽቅብ የሚመጣው ተሳቢ መኪና መንገዱን ሞልቶ ስለሚታጠፍ፣ ወደ ግራ ለሳተ ብስክሌተኛ የሚተርፍ ቦታ የለም።

ስለዚህ መከላከያው ምንድን ነው ለሚለው ያለ ማመንታት የምሰጠው መልስ፣ ሸለብታ የጀመረው ሰው ቁልቁለት መውረድ የለበትም የሚል ነው። ሙዚቃ መክፈት፣ ፊትን በቀዝቃዛ ውኃ መታጠብ፣ ጃኬት ከፍቶ ነፋስ ማስገባት፣ ጮክ ብሎ ከራስ ጋር መነጋገር፣ እነዚህ ሁሉ ለጥቂት ደቂቃ ሊያነቁ ይችሉ ይሆናል፤ የተጠራቀመውን ጫና ግን አንዳቸውም አይቀንሱም። እርሱን የሚቀንሰው እንቅልፍ ብቻ ነው። ደሴ እንደ ወጡ ፒያሳ አካባቢ ከሚከፈቱት ቁርስ ቤቶች አንዱ ገብተው አንድ ሲኒ ቡና ይጠጡ፤ ወዲያውኑ የስልክዎን ማንቂያ ሞልተው ለ20 ደቂቃ ክንድዎን ጠረጴዛ ላይ ተንተርሰው ይተኙ። ካፌይን ከተጠጣ በኋላ ሥራውን ለመጀመር ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ስለሚፈጅ፣ ሲነቁ ቡናውም አጭሩ እንቅልፍም በአንድነት ይደርሱልዎታል። ከ20 ደቂቃ በላይ የሚሄድ ሸለብታ ወደ ጥልቅ እንቅልፍ ስለሚያስገባ፣ ከእርሱ መሀል የነቃ ሰው ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ድረስ ደንዝዞ ይቆያል፤ በዚያ ድንዛዜ ውስጥ ሆኖ ደግሞ ፍሬን መያዝ አይገባም። ስለዚህ ከነቁ በኋላ ቁርስዎን ይብሉ፣ በከተማው ውስጥ ጥቂት ይንዱ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ይውረዱ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያጣው የራሱን ሁኔታ የመመዘን ችሎታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ የታወቀ ጥናት እንዳሳየው፣ ለ17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው የእጅና የዓይን ቅንጅት በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ የአልኮል መጠን እንዳለበት ሰው ይዳከማል፤ 24 ሰዓት ሲሞላው ደግሞ ወደ 0.10 በመቶ ይጠጋል። የጠጣ ሰው «ደህና ነኝ፣ እነዳለሁ» እንደሚል ሁሉ፣ እንቅልፍ ያጣ ብስክሌተኛም በሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ «ትንሽ ልቀጥል፣ ከዚህ ተራራ በኋላ እተኛለሁ» ይላል። ለዚህ ነው ደጋግሜ የምመክረው፤ መቼና የት እንደሚተኙ በቀን፣ ራስዎ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ይወስኑ፤ ሌሊቱ ከመጣ በኋላ ያንን ውሳኔ ከመፈጸም በቀር እንደ ገና አያከራክሩት። ውሳኔውን በወረቀት ጽፈው በመሪው ላይ በፕላስተር ቢለጥፉት አይብዛብዎ። ሊለውጡት የሚፈቀድልዎ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ቀድመው መተኛት ይችላሉ፣ ማዘግየት ግን አይችሉም።

ስለ መጀመሪያው ሌሊት የሚነገረው «ሳይተኙ መንዳት» የሚለው ምክር አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ ተወዳዳሪዎች ነው፤ ይህን ምክር ሲሰሙ የእነርሱ ሌሊት ስንት ሰዓት እንደሆነ ማስታወስ ያስፈልጋል። አውሮፓን አቋርጦ ወደ 4,000 ኪሎ ሜትር የሚሄደው የትራንስኮንቲኔንታል ውድድር የሚካሄደው በበጋቸው ነው፤ ከካናዳ ተነሥቶ በሮኪ ተራሮች በኩል እስከ ሜክሲኮ ድንበር የሚዘልቀው ቱር ዲቫይድ ደግሞ የሚጀመረው ቀናቸው እጅግ በሚረዝምበት በሰኔ ወር ነው። በነዚያ አገሮች በዚያ ወቅት ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ተመልሳ እስክትወጣ ያለው ጊዜ ከ8 እስከ 9 ሰዓት ቢሆን ነው፤ ድንግዝግዙ ሲቀነስ እውነተኛው ጨለማ ከዚያም ያጥራል። ሩዋንዳ ከምድር ወገብ ጥቂት ብቻ ወደ ደቡብ ዝቅ ብላ የምትገኝ በመሆኗ ሌሊቷ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ነው፤ ድንግዝግዙም ፈጥኖ ያልፋል። እነርሱ ሌሊቱን ነዳን ሲሉ የሚያልፉት ጨለማ እርስዎን ከሚጠብቅዎ በብዙ ያጠረ ነው። በሌላ በኩል ወሎ ተወልዶ ያደገ ሰው የ12 ሰዓት ሌሊት አዲሱ አይደለም፤ ይህን እንደ ጥቅም ይቁጠሩት።

ከዚህም ሌላ፣ ጥቂት የተኛ ሁልጊዜ ያሸንፋል የሚለው እምነት ትክክል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ትራንስኮንቲኔንታልን ከወንዶችም ከሴቶችም ቀድማ በ10 ቀን ከ2 ሰዓት ከ48 ደቂቃ በመጨረስ ያሸነፈችው ጀርመናዊቷ የሕክምና ባለሙያ ፊዮና ኮልቢንገር፣ ከጨረሰች በኋላ ከዚያም ባነሰ እንቅልፍ መሄድ እችል ነበር ብላ ተናግራለች። አሸናፊዋ የእንቅልፏን ጓዳ እስከ ታች አላራገፈችም ማለት ነው። እኔ ከዚህ የምወስደው ትምህርት፣ ከእንቅልፍ የተቆጠበ ሰዓት ሁሉ በፍጥነት መቀነስ፣ መንገድ በመሳትና ያለ ምክንያት በመቆም ተመልሶ ሊጠፋ እንደሚችል ነው። እንበል አንድ ብስክሌተኛ ከሌሊቱ 8 እስከ 11 ሰዓት እያንጎላጀ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ሄዶ 30 ኪሎ ሜትር አተረፈ። በዚህ ምክንያት በማግሥቱ በ12ቱ የቀን ሰዓታት ፍጥነቱ በሰዓት ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ብቻ ቢቀንስ ትርፉ ሁሉ ያልቃል። ዳገት በበዛበት አገር ይህን ያህል መቀነስ ምንም ማለት አይደለም።

ለእርስዎ የአራት ቀን እቅድ የማቀርበው ሐሳብ እንዲህ ነው። ከውድድሩ በፊት ያለውን ሳምንት በየሌሊቱ ከለመዱት አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ጨምረው ይተኙ፤ አስቀድሞ የተጠገበ እንቅልፍ በኋላ የሚመጣውን እጦት ለመቋቋም እንደሚረዳ በጥናት ታይቷል። የመጀመሪያውን ሌሊት እስከ 7 ሰዓት ወይም 7 ሰዓት ተኩል ይንዱ፤ በዚያ ሰዓት አብዛኛው ሰው ገና ደህና ነው። ከዚያ ከሦስት ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል ይተኙና ወደ 11 ሰዓት ገደማ ይነሡ። አንድ የእንቅልፍ ዑደት በአማካይ 90 ደቂቃ ስለሚፈጅ ሦስት ሰዓት ሁለት ዑደት ያህል ነው፤ ከሁሉም በላይ ግን የተኙት ሰውነትዎ ለመንዳት በማይበጅበት ሰዓት ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሌሊት መኝታውን ወደ 6 ሰዓት ይሳቡት፤ ጫናው እየተደራረበ ስለሚሄድ፣ በመጀመሪያው ሌሊት በ9 ሰዓት የመጣው ሸለብታ በሦስተኛው ሌሊት በ5 ሰዓት ሊመጣ ይችላል። የመጨረሻው ሌሊት ላይ ለመድረስ ከ100 ኪሎ ሜትር በታች ከቀረዎትና መንገዱ ትልቅ ቁልቁለት ከሌለው፣ አጭር ሸለብታ አድርገው መቀጠሉን አልቃወምም። ስልክዎ የሩዋንዳን ሰዓት መያዙን ያረጋግጡ፤ ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት፣ በማንቂያ ላይ የአንድ ሰዓት ስሕተት የሦስት ሰዓት እንቅልፍን ሲሦ ይወስዳል።

ንጋት ሲመጣ የሚሰማውን መታደስ ከመጠን በላይ አይመኑት። ብርሃን ዓይን ውስጥ ሲገባ ሰውነት ሜላቶኒን የተባለውን የእንቅልፍ ሆርሞን ማመንጨቱን ስለሚቀንስና የውስጥ ሰዓቱም ስለሚነሣ ሰው ዳግም የተወለደ ይመስለዋል፤ ያልተከፈለው የእንቅልፍ ዕዳ ግን እንዳለ ነው፤ ከቀኑ 7 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ተመልሶ ይጠይቃል። ስለዚህ በጠዋቱ ጥቁር መነጽር ሳያደርጉ ብርሃኑን ይጠቀሙበት፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ ጥላ ፈልገው የ20 ደቂቃ ሸለብታ ያድርጉ።

ስለ ማነቃቂያ ነገሮች የግድ ልናገር የሚገባኝ አለ፤ በእኛ አካባቢ ጉዳዩ የሚነካው ብዙ ሰው ስለሆነ። ካፌይን ከዓለም አቀፉ የፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ የተከለከሉ ዝርዝር ከወጣ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ስለሆነ በእርሱ የሚመጣ ጣጣ የለም። ሆኖም የጠጡት ካፌይን ግማሹ ከሰውነት የሚወጣው በአምስት ሰዓት ገደማ ነው፤ ስለዚህ በሌሊቱ 7 ሰዓት ሊተኛ ያሰበ ሰው ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ቡና ባይጠጣ ይመረጣል። ቡናውን ለንቃት ዝቅተኛው ሰዓትና ከሸለብታ በፊት ላለችው ደቂቃ ይቆጥቡት፤ ቀኑን ሙሉ አቦል ቶና በረካ ሲጠጡ ከዋሉ በሌሊት የሚሠራልዎ አያገኙም። ጫት ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። የረጅም መንገድ ሾፌሮች ሌሊት ለመንቃት ሲቅሙት እያየን ያደግን በመሆናችን ቀላል ነገር ሊመስለን ይችላል፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው ካቲኖን በውድድር ጊዜ ከተከለከሉት አነቃቂዎች አንዱ ነው፣ ካቲን የተባለውም በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት ከ5 ማይክሮ ግራም በላይ ከተገኘ ጥፋት ሆኖ ይቆጠራል። በብዙ አገሮችም ይዞ መግባት በሕግ ያስቀጣል። ከሕጉ በፊት ግን ጤናው ያሳስበኛል፤ ጫት የምግብ ፍላጎትን ያጠፋል፣ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል፣ ምርቃናው ሲለቅ የሚመጣው መዛልም ሰውን ከቁልቁለት መሀል ሊያገኘው ይችላል። በዙሪያዎ ላሉ ታናናሾችም ይህን ይንገሩልኝ።

ወደ መብራቱ እንምጣ። በፊት ጎማ እምብርት ላይ የሚገጠመው ዲናሞ በተለመደው መለኪያ 6 ቮልትና 3 ዋት ይሰጣል፤ ባትሪ አያስፈልገውም፣ ለሳምንታት ለሚቆይ ውድድርም ከእርሱ የተሻለ የለም። ድክመቱ ዳገት ላይ ይታያል። ፍጥነቱ በሰዓት ከ10 ኪሎ ሜትር ሲወርድ መብራቱ ይደክማል ወይም ይንቀጠቀጣል፤ ስልክ ወይም ጂፒኤስ ለመሙላት ደግሞ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ፍጥነት ይፈልጋል። ጓዝ ጭነው ሐረጎን ሲወጡ በሰዓት 8 ወይም 9 ኪሎ ሜትር ከሆነ የሚሄዱት፣ የሺህ ኮረብታዎች አገር በምትባለው ሩዋንዳ አብዛኛው ሌሊትዎ በዚያ ፍጥነት ያልፋል። ስለዚህ ለአራት ቀን ውድድር ዲናሞ ግድ አይደለም፤ ከውጭ ለማስመጣት የሚወጣውን ብር ለጎማና ለፍሬን ቢያውሉት ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

የባትሪውን ሒሳብ ግን አስቀድመው ይሥሩ። 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የተጻፈበት ፓወር ባንክ 74 ዋት ሰዓት ነው፤ በመቀያየር የሚባክነው ሲቀነስ ወደ 50 ዋት ሰዓት ያህል በእጅዎ ይገባል። መካከለኛ ብርሃን የሚሰጥ የፊት መብራት ከ3 እስከ 4 ዋት ቢወስድ፣ አንድ ፓወር ባንክ ከ12 እስከ 16 ሰዓት ያበራል። በየሌሊቱ ሰባት ሰዓት በጨለማ የሚነዱ ከሆነ ለሦስት ሌሊት 21 ሰዓት ያስፈልግዎታል፤ ስልኩና ጂፒኤሱ ገና አልተቆጠሩም። ስለዚህ ወይ ሁለት ፓወር ባንክ ይያዙ ወይም በሚተኙበት ቤት ይሙሉ። ዳገት ላይ መብራቱን ዝቅተኛው ላይ አድርገው ለቁልቁለት ይቆጥቡት፤ ብርድ የባትሪን አቅም ስለሚቀንስ ትርፉን ባትሪ በደረት ኪስ ይያዙት። በአውሮፕላን ሲሄዱ ፓወር ባንክ ከጭነት ሻንጣ ጋር አይፈቀድም፣ በእጅ መያዝ አለበት፤ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያዘው እስከ 100 ዋት ሰዓት ስለሆነ ባለ 20,000ው ያልፋል። ከመሪው መብራት በተጨማሪ ቀለል ያለ የጭንቅላት ባትሪ በሄልሜት ላይ ያስሩ፤ የመሪው መብራት የሚያሳየው ጎማው የዞረበትን ብቻ ሲሆን፣ የራስዎ መብራት ግን ገና ያልታጠፉትን ኩርባ ያሳያል፣ ካላማዳርያ ሲቀይሩም እጅዎን ነጻ ያደርጋል። የጂፒኤሱን ስክሪን እስከሚቻለው ድረስ ያደብዝዙት፤ ዓይን ጨለማን ሙሉ በሙሉ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋልና፣ ደማቅ ስክሪን ያንን ልማድ በቅጽበት ያበላሸዋል።

ፍጥነትዎን የሚወስነው መብራትዎ የሚያሳየው ርቀት ነው። ደክሞት ሁለት ሰከንድ ዘግይቶ ፍሬን የሚይዝ ሰው፣ በኮረኮንች መንገድ ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየሄደ ቢሆን ለመቆም ወደ 28 ሜትር ይፈልጋል፤ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ከሆነ ደግሞ 60 ሜትር ያህል። መብራትዎ ድንጋይን ከድንጋይ ለይቶ የሚያሳይዎ 30 ሜትር ብቻ ከሆነ፣ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ የሚወርዱት ሁሉ በዕድል ነው። ይህን በእኛ መንገድ የሚያውቁት ይመስለኛል፤ መኪና ሲበላሽ ሾፌሩ ለማስጠንቀቂያ የደረደረው ድንጋይ መኪናው ከተነሣ በኋላ እዚያው አስፋልት ላይ ይቀራል፣ መብራት የሌለው ጋሪ ከፊት ይኖራል፣ ከብት መንገድ ላይ ይተኛል።

የማየትን ያህል መታየትም ያስፈልጋል። ትራንስኮንቲኔንታልን እ.ኤ.አ. በ2013 የመሠረተው እንግሊዛዊው ማይክ ሆል፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 መጨረሻ በአውስትራሊያ በተደረገ የረጅም ርቀት ውድድር ላይ ሳለ ጎህ ሳይቀድ በካንቤራ አቅራቢያ በመኪና ተገጭቶ ሕይወቱ አልፏል። ይህን የማነሣው በዚህ ስፖርት ከእርሱ የበለጠ ልምድ ያለው ሰው እምብዛም ስላልነበረ ነው፤ ልምድ ብቻውን ከመኪና አያድንም። ሁለት የኋላ መብራት ይግጠሙ፣ አንዱ ቢጠፋ ሌላው እንዲቀር፤ እየነዱ የኋላው መጥፋቱን አያዩምና። አንጸባራቂውን ሰደርያ ከለበሱ በኋላ ቁርጭምጭሚትዎ ላይም አንጸባራቂ ማሰሪያ ያድርጉ፤ ከፔዳሉ ጋር ከፍ ዝቅ የሚል ብርሃን ሲያይ ሾፌሩ ከፊቱ ያለው ሰው መሆኑን ቶሎ እንደሚለይ በጥናት ተረጋግጧል።

በብርዱ ላይ አልዘገይም፤ ደሴን የሚያውቅ ሰው ብርድን ያውቃል። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀት ወደ 6 ዲግሪ ተኩል ይቀንሳል፤ ደሴ ከኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል ልዩነቱ 4 ዲግሪ ያህል ነው። ነገር ግን ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ወደ ሸለቆ ወርዶ ስለሚተኛ፣ እንደ ቦርከና ያለ ሜዳ ከንጋት በፊት ከሚጠበቀው በላይ ይበርዳል፤ የሩዋንዳ ሸለቆዎችም እንዲሁ ናቸው። ጃኬትና ጓንት የሚለበሱት ተራራው ጫፍ ላይ፣ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ መሀል ላይ ሲንቀጠቀጡ ለመልበስ መቆም ይከብዳል። በ10 ሰዓት የሚሰማው ብርድ ከፊሉ የአየሩ ሳይሆን የራስዎ ሰውነት ሙቀት መቀነስ መሆኑንም ይወቁ፤ ያልተለመደ ብርድ ብርድ ማለት ብዙ ጊዜ የሸለብታ መልእክተኛ ነው።

በሌሊት ሆድ ምግብን የሚፈጨው ቀስ ብሎ ስለሆነ ቅባት የበዛበትን ትተው በየ20 ደቂቃው ጥቂት ጥቂት ይብሉ፤ በሰዓት ከ40 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ይበቃል። በዚህ ከቤታችን የተሻለ የለም፤ በሶ በ100 ግራም ወደ 70 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ይይዛል፣ በውኃ ተበጥብጦ ትንሽ ጨው ቢገባበት ቀን ጣፋጭ የሰለቸው አፍ አይጠላውም። ቴምርም ቀላልና ቶሎ የሚደርስ ነው። ቆሎ ንቃት ይሰጣል፣ ነገር ግን ጨለማ ውስጥ እየነዱ አይቃሙት፣ ሊያንቅ ይችላል። የውድድሩ ወቅት ከዐቢይ ጾም ወይም ከረመዳን ጋር ሊገጥም ስለሚችል፣ የጾሙን ነገር ከመሄድዎ በፊት ከሃይማኖት አባትዎ ጋር ይነጋገሩበት፤ ይህም በሌሊት ዳገት ላይ ሊወሰን አይገባውም።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ሌሊት ድንጋዩ የተቀመጠ ሰው፣ ቁጥቋጦው የቆመ ጅብ መስሎ ሊታይዎ ይችላል። ይህ የእንቅልፍ እጦት የታወቀ ምልክት ነው፤ የሚያስደነግጥ በሽታ አይደለም፣ ግን ባዩ ጊዜ ወዲያው የሚቆሙበት ምልክት ነው። የሚተኙበትን ቦታ ሲመርጡ ከመንገዱ ትከሻ ፈቀቅ ይበሉ፣ የደረቀ ወንዝ ውስጥ አይተኙ፣ ብስክሌቱን ከእጅዎ ጋር ይሰሩት። የሚቻል ከሆነ ለመኝታ ቤት ገንዘብ አይሰስቱ፤ ደረቅ ልብስ፣ መሙያ ሶኬትና የሚዘጋ በር ያለው ክፍል ሦስቱን ሰዓት ያለ ሥጋት ያስተኛዎታል። ውድድሩ ያለ አጃቢ ነው ሲባል ለሁሉም ተወዳዳሪ ክፍት የሆነን ሆቴልና ሱቅ መጠቀም አይከለክልም፤ የሚከለክለው ወዳጅ በመኪና ምግብ ወይም ማረፊያ ይዞ መከተልን ነው።

ልምምዱን በተመለከተ አቅጣጫዎ ትክክል ነው፤ ከኮምቦልቻ የሚነሣ ሰው በጨለማ የሚወጣው ዳገቱን ስለሆነ ቢንጎላጅም የሚሄደው በዝግታ ነው። የሚለወጠው ሰዓቱ ነው። በ9 ሰዓት ፈንታ በ10 ሰዓት ተኩል ይነሡ፣ የመብራቱን ነገር በዳገቱ ላይ ይፈትሹ፣ ቁልቁለቱን ፀሐይ ከወጣች በኋላ ብቻ ይውረዱ። የሐረጎ ጉም ካልተነሣ ደግሞ እስኪነሣ ይጠብቁ። የባቲን መንገድ ለሌሊት ልምምድ አይምረጡት፤ ወደ ሚሌና ጅቡቲ የሚመላለሱት ከባድ መኪናዎች ሌሊትም አያቆሙም፣ እሑድ ለሰኞ አጥቢያም የባቲ ገበያተኛ ከአህያውና ከግመሉ ጋር መንገድ ላይ ነው። የሰዓት እላፊ በታወጀበት ጊዜ ወይም መንገዱ አስተማማኝ ባልሆነበት ወቅት በጨለማ ከከተማ አይውጡ፤ ያን ጊዜ ብስክሌቱን ቤት ውስጥ በመለማመጃ ማቆሚያ ላይ አድርገው ከምሽቱ 3 እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ይንዱ፣ ሦስት ሰዓት ተኝተው በ10 ሰዓት ተኩል እንደ ገና ይውጡበት። ከእንቅልፍ ተነሥቶ ዳግም ኮርቻ ላይ መቀመጥን ሰውነት የሚለምደው በዚህ ነው፣ ለዚህም መንገድ አያስፈልግም። ይህን ሙሉ ልምምድ ከውድድሩ ሦስት ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ፣ ለሁለት ተከታታይ ሌሊት ያድርጉና፣ በየስንት ሰዓቱ እንዳንጎላጀዎት ጽፈው ይላኩልኝ፤ የመኝታውን ሰዓት በዚያ ላይ ተመሥርተን እናስተካክለዋለን።